የምድር ቤቱ እግር ብረት

«ሽማግሌ ወድቆ ነው የሞተው፤ ከምሳ በፊት ፋይሉን ዘግተሽ ተመለሺ» አላት አለቃዋ። ወይዘሮ ለምንን ለማናደድ ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ አይገኝም። በመዝገብ ላይ ሌላ ስም አላት፤ ጣቢያው ግን ነገር ሁሉ ላይ «ለምን?» ስለምትል እንዲህ ብሎ ይጠራታል።

ሙዚየሙ በር ላይ ሌላ ንዴት ጠበቃት። የጥንቱ ባላባት ቤት ወለል በሰም ስለሚወለወል፣ ጫማው ላይ የጨርቅ ሽፋን ያላጠለቀ አይገባም ተባለች። ሬሳ ልታይ የመጣች መርማሪ፣ ያውም ጉልበቷን የሚያማት፣ እየተንሸራተተች ገባች።

ሟቹ የምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ተዘርግተዋል። ሠላሳ ዓመት ቤቱን የጠበቁ፣ ሁሉም «አባባ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ትናንት ከሰዓት ግድግዳው ኖራ ስለተቀባ ደረጃው ዱቄት የተደፋበት ይመስላል፤ የመጣው ሁሉ ረግጦት የማንም ዱካ አይለይም። አባባ እግር ላይ ግራጫ ሽፋን አለ፤ ጠርዙ ላይ «7» የሚል ቁጥር ተሰፍቷል። ወይዘሮ ለምን የሽፋኑን መርገጫ አየችው፤ በሰም ያብረቀርቃል። ገለጥ አድርጋ ከውስጥ ያለውን የጫማ ሶል አየችው፤ ኖራ ጠግቧል። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

የሙዚየሙ ኃላፊ ቢሮው ውስጥ እስክሪብቶ ያገላብጣል። «ሽፋኑ አንሸራተታቸው። የሚያሳዝን አደጋ ነው።»

«አባባ ሽፋን ያደርጉ ነበር?»

«ደንብ ነው እኮ» አለ፣ ዓይኑን ከእስክሪብቶው ሳያነሣ።

«የሥራ ፋይላቸውን ይስጡኝ።»

የባላባቱ የልጅ ልጅ ደግሞ «መቀመጥ ክልክል ነው» የተባለበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወንበሩም፣ ጎራዴዎቹም፣ ምንጣፉም ለሙዚየሙ ያዋሰው የአያቱ ዕቃ ነው።

«ትናንት ሲዘጋ ተሰናብቻቸው ወጣሁ። በዚሁ ሽፋን ሲንሸራተቱ አይቼ ‹ይጠንቀቁ› ብያቸዋለሁ።»

«ምድር ቤት ወርደዋል?»

«የሎሌ ማደሪያ ውስጥ ምን ልሠራ?»

አስጎብኚዋ ዓይኗ አብጧል። ሙዚየሙ ከተዘጋ በኋላ የቀሩት እሷ፣ ኃላፊውና የልጅ ልጁ ብቻ እንደነበሩ ነገረቻት። አባባ ምድር ቤቱን ሲያጸዱ አንድ እግር ብረት አግኝተው ነበር፤ ዛሬ ለሕዝብ ሊታይ ነበር። የልጅ ልጁ «ይህ ከታየ ዕቃዬን ጭኜ እሄዳለሁ» ብሎ ዝቷል። ጠዋት ብረቱ ከቦታው ጠፋ።

«አባባ ሽፋን ያደርጉ ነበር?»

ሴትየዋ ወደ ኃላፊው በር ሰረቅ አድርጋ አየች። «እትዬ፣ ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው።»

ወይዘሮ ለምን ቆሽቷ አረረ። መልሱን የነገረቻት የሟቹ ልጅ ናት። እሷንም አባቷ ሬሳ ዘንድ ለመድረስ ሽፋን አስጠልቀዋታል።

«አያቴ ይህን ወለል የወለወለችው በባዶ እግሯ ነው። ልትጠፋ ስትል ያን ብረት እግሯ ላይ አደረጉባት። አባቴ ‹እናቴ በባዶ እግሯ በወለወለችው ወለል ላይ እኔ ጫማዬን አልሸፍንም› ብሎ ምሏል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እትዬ።»

«አደጋ ነው ከተባለስ?»

«እንግዲያማ እሱም ተቀበረ፣ ብረቱም ተቀበረ።»

ወይዘሮ ለምን ፖሊሶቹን ግቢው ውስጥ የቆመውን መኪና ሁሉ እንዲፈትሹ ላከችና አራቱን እልፍኝ ውስጥ ሰበሰበች።

«አባባ ሽፋን አድርገው ደረጃውን ቢወርዱ ኖሮ መርገጫው ኖራ በኖራ ይሆን ነበር። መርገጫው ላይ ሰም ብቻ ነው ያለው። ኖራው ያለው ጫማቸው ላይ ነው። ስለዚህ ሽፋኑን ያጠለቀላቸው ሰው ነው፤ ያውም ከወደቁ በኋላ። ማን?» ፋይሉን ከፈተች። «ኃላፊው ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውባቸዋል፤ ሦስቱም ‹ሽፋን አላጠልቅም ብለዋል› ይላሉ። እሳቸው ቢገድሉ ሌላ ሰበብ ይፈልጉ ነበር እንጂ ሽፋን አያጠልቁላቸውም። አስጎብኚዋም እንደዚያው። መሐላውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ‹በሽፋን ሲንሸራተቱ አይቻለሁ› አለኝ።»

«ማንኛውም ጎብኚ ያጠለቀው ሽፋን ሊሆን ይችላል» አለ የልጅ ልጁ።

ወይዘሮ ለምን ወደ አስጎብኚዋ ዞረች። ሴትየዋ መጀመሪያ ኃላፊውን፣ ከዚያ የአባባን ልጅ አየች።

«ሽፋን የማድለው እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ልጅ ልጁ እየጠቆመች። «ትናንት ለእሳቸው የሰጠኋቸው ሰባት ቁጥርን ነው። አልመለሱልኝም።»

ፖሊሱ ገባ። በምንጣፍ ቁራጭ የተጠቀለለ የዛገ ብረት ይዟል። «ከእሳቸው መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው ያወጣነው» አለ፣ የልጅ ልጁን እያመለከተ።

የልጅ ልጁ ፊት አመድ መሰለ። «ብረቱን ስጡኝ ብዬ ለመንኩት። ልሄድ ስል ሽፋኑን አውልቄ ኪሴ ከትቼ ነበር፤ ወርጄ ለመንኩት። የአያቴን ስም ሊያጠፋ… ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

«ተንበርክከህ ሽፋኑን ስታጠልቅላቸውስ» አለች ወይዘሮ ለምን፣ አንቱታውን ትታ፣ «ይተነፍሱ ነበር?»

የአባባን ልጅ ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«ለሎሌ እግር የተንበረከከ ከዘራችሁ አንተ የመጀመሪያው ነህ። እሱንም ለውሸት።»

ካቴናው ሲገባለት ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ጠዋት ሽፋኑን እግራቸው ላይ እንዳዩ ሌላ ሰው እንዳጠለቀላቸው አውቀዋል።»

«ለሙዚየሙ ብዬ… ዕቃው ሁሉ የእሱ ነው፤ ቢወስደው ባዶ ቤት ነው የሚቀረኝ…»

«ሰው ሞቶ እርስዎ ወንበር ይቆጥራሉ! ይህንንም እጽፈዋለሁ፣ በፊርማዬ።»

የአባባ ልጅ ብረቱን አንድ ጊዜ ዳሰሰችው፤ እንደሚመለስላት ቃል ተገባላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሽፋኖቿን አወለቀችና ኃላፊው እጅ ላይ አኖረቻቸው።

«ወለሉ…» አለ ሰውየው፣ ከልማዱ።

ወይዘሮ ለምንም ግድግዳ ተደግፋ የራሷን አወለቀች፤ እነዚያንም ደረበችለት። ሁለቱ ሴቶች በተወለወለው ወለል ላይ ጫማቸውን እያስጮሁ ወጡ።