ለእሱ ብቻ ያወራችው

ሲስተር ወሬ ትወዳለች ቢባል ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን የምትንከባከብ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ቁስል ስታጥብ፣ ኪኒን ስትለይ፣ የአዛውንት ጥፍር ስትቆርጥ ትውልና ያየችውን ለአንድ ሰው ካልተነፈሰች እንቅልፍ አይወስዳትም። ችግሩ ሰሚ አልነበራትም። እናቷ እንኳ የቁስል ነገር ከተነሳ ምግብ አይወርድላቸውም።

ሰሚው በማዘጋጃ ቤቱ በኩል መጣ። የአረጋውያን እንክብካቤ እንደ አዲስ ሊታቀድ ነው ተብሎ አንድ ባለሙያ ሦስት ሳምንት አብሯት እንዲዞር ታዘዘ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ማስታወሻ ደብተሩ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን «አቶ እቅድ» የሚል ስም አወጣችለት፤ ሳቀና ተቀበለው። ደረጃ ሲወጡ ቦርሳዋን ይይዝላታል። ስታወራ ዓይን ዓይኗን እያየ ያዳምጣል። እንዲህ የሚያዳምጥ ወንድ በሕይወቷ አላጋጠማትም። ሦስት ሳምንቱ አለቀ፣ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠብቆ እስከ ቤቷ በእግር ይሸኛታል፤ መንገዱንም ሆን ብለው ያረዝሙታል።

አንድ ቀን እንዲህ ሲሄዱ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። ከምትዞርባቸው ሕንጻዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉ። ከእሳቸው በታች ደግሞ ዓይናቸው የማያይ፣ ስኳር እግራቸውን ያቆሰለባቸው እማማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልብስ ሰፊው በየጠዋቱ በከዘራቸው ወለሉን ሁለቴ ይመታሉ፤ እማማ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መትተው ይመልሳሉ። ደህና አድሬያለሁ ማለታቸው ነው። መልስ ከጠፋ ልብስ ሰፊው ያንን የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ይወርዳሉ።

«ተዋደው ይሆናላ» አላት።

«ዝም በል አንተ፤ በሰማንያ ዓመታቸው?» ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ግን «እንደዚያ የሚፈልገኝ ሰው ካለኝ እኔም እርጅናን አልፈራም» አለችው።

እጇን ያዘ። ቤቷ እስኪደርሱ ድረስ አልለቀቀውም። በነጋታው ከእናቷ ጋር ልታስተዋውቀው ቀን ቆረጠች።

ቀኑ ሳይደርስ የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ቀደመ። እቅዱ ለነዋሪው ሲነበብ ሲስተር አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣለች። ኃላፊው እያነበቡ እነ እማማ ሕንጻ ላይ ደረሱ። «በዚህ ሕንጻ አረጋውያኑ በየጠዋቱ በምልክት የሚጠያየቁበት የጎረቤት መረዳጃ ስላለ፣ የየዕለቱ ጉብኝት በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን በቂ ነው።»

ካፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይሄኔ ነው። ሲስተር ጆሮዋን ማመን አቃታት። ፊት ለፊት የተቀመጠውን አቶ እቅድን አየችው፤ እሱ ጠረጴዛውን ያያል። ከዳት። ሌላ ስም የለውም። የእማማ እግር ቁስል በየቀኑ ካልታጠበ ነገ እግራቸው ይቆረጣል፤ ከዘራ ደግሞ ቁስል አያጥብም። ይህን እሱ ያውቃል፣ ፋሻ ያቀብላት የነበረው ራሱ ነው።

ተነስታ ተቃወመች። ስለ ቁስሉ ተናገረች፣ ነዋሪውም ደገፋት። ኃላፊው ሰለቸኝ በሚል ፊት፣ እንግዲያውስ ያጠናው ሰው ራሱ ሄዶ አረጋውያኑን አንድ በአንድ ይጠይቅ፣ እሱ የሚጽፈው ይጸናል አሉ። ሲስተር በኋላ በር ወጥታ በቀጥታ እነ እማማ ዘንድ ሄደች። ጥፋቱ የእኔ አፍ ነው ብላ አለቀሰችላቸው።

ልብስ ሰፊውም ወርደው ከእማማ ጋር ሰምተዋት ነበር። «ደግነታችንን ቆጠሩብን በይኛ» አሉ። «ይሁን፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔና እሷ አንተዋወቅም።»

አቶ እቅድ በማለዳ ፎርሙን ይዞ መጣና ከእማማ ጀመረ። ሲስተር አጠገባቸው ናት። ሰላምታውን ከአንገት በላይ መለሰችለት።

«እማማ፣ ጎረቤት ይረዳዎታል?»

«የማውቀው ጎረቤት የለኝም፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ጣሪያው ሁለቴ ተመታ። ልማድ ክፉ ነው፤ ልብስ ሰፊው ረስተውታል። የእማማ እጅ ወደ መጥረጊያው ሲዘረጋ ሲስተር ቶሎ ያዘችው። መልሱ ቀረ። ከላይ እንደገና ተመታ፣ አሁን ጠንከር ብሎ። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ሊወርዱ ነው።

አቶ እቅድ ተነሳ። መጥረጊያውን አንስቶ ጣሪያውን ሁለቴ መታ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ፎርሙ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ደረጃው ላይ ተከትላው ወጣች። ኃላፊው አገልግሎቱን ጨርሰው ሊዘጉት እንደነበር፣ ግማሹን ላተርፍ ብሎ እንዳደረገው ነገራት። እውነቱን ሊሆን ይችላል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳታዝኚብኝ።»

«እኔ ያወራሁት ለአንተ ነው፤ ለማዘጋጃ ቤቱ አልነበረም።»

«ይቅር በይኝ። አሁን እኮ አስተካከልኩት።»

«አስተካክለሃል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው ከልቧ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እወድሃለሁም። ግን ማታ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ውሎዬን ላወራህ ስል፣ የትኛው ይጻፍብኝ ይሆን እያልኩ ነው። አፌን እየለካሁ ከባል ጋር መኖር አልችልም።»

ደረጃውን ቀስ ብሎ ወረደ፤ ስሜን ይጠራል ብላ ቆማ ጠበቀች፣ አልጠራትም።

ጉብኝቱ የየዕለት ሆኖ ጸና። ሁለቱ ጥናቶቹ እርስ በርስ አልገጥም ስላሉ እሱን ወደ ሌላ ክፍል እንዳዛወሩት ሰማች፤ ያን ቀን ሥራ መግባት አቅቷት ዋለች።

በዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ እቅድ አውጪ ላከ። ትሑት፣ ፈገግታዋ ደስ የሚል ልጅ ናት። ደብተሯን ገልጣ «ሲስተር፣ እስቲ ስለ ሰዎችሽ አጫውቺኝ» አለቻት።

ሲስተር ልጅቷን አየቻት። ክፋት የለባትም፤ እሱም ክፋት አልነበረበትም።

«ሁሉም ፎርሙ ላይ አለ» አለቻት፤ ቦርሳዋን አንስታም ደረጃውን ወጣች።