መኪና ሳይኖር የሚዘለው ቁጥር

«ማንጎው ስንት ነው?»

«ለእህቴ በነጻ።»

ምልክቱ ልክ ነው። ዘቢደር ከማንጎው ሥር ሳጥኑ የተደበቀበትን ዘንቢል ሻጭ መስሎ ከቆመው ከኢዘዲን እጅ ተቀበለች። ዞራም አላየች። በአሶሳ ገበያ ሰላይ የሚበላው ዞሮ ሲያይ ነው።

«እህቴ፣ ሳጥኗ አበደች» አላት ከኋላዋ። «መኪና የለም፣ ቁጥሯ ይዘላል።»

«የምድር ሽቦውን ምን ላይ አሰርከው?»

«ከሶላሩ ቻርጀር ጋር። አንድ ምስማር ላይ።»

«አይ አንተ!»

ሰፈሩ የሚያውቃት ሬዲዮ ጠጋኝ አድርጎ ነው። ለላኳት ግን በምሥጢር ስሟ «ሰምበሌጥ» ናት። በዚህ ሥራ አራት ዓመቷ። ደክሟታል።

ሳጥኑ መንገድ ዳር ተቀብሮ፣ ከባድ መኪና ሲመጣ የመሬቱን ንዝረት ወደ ቁጥር ይለውጣል። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥይት የጫኑ ሁለት የጠላት አይሱዙዎች በባምባሲ መንገድ ይመጣሉ። ድልድዩ ጋ ያደፈጡት የእሷ ወገን ልጆች ሦስት ጊዜ በውሸት ቁጥር ተነሥተዋል። በአራተኛው አያምኑትም። ጥይቱ ካለፈ ደግሞ የሚቀበረው ብዙ ነው።

የጥገና ሱቋ ውስጥ ጋሼ አንለይ ይጠብቃታል። ለሥራው የመለመላት እሱ ነው። ባሏ ሲሞት ድንኳን የተከለው፣ አፈር ያለበሰውም እሱ።

«ስልክዎስ?» ሳጥን ሲከፈት ስልክ አይገባም፤ ሕጉ ነው።

«ቤት ነው ዘቢዬ። ምን ያስጨንቅሻል? ነፋስ ነው የሚያስዘልለው።»

«ነፋስ በሽቦ አይሄድም።»

ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

የምድር ሽቦውን ከቻርጀሩ ለየች። የተንዘላዘለውን የንዝረት ሽቦ አሳጥራ ከመመለሻው ጋር ገመደች። ምስር የምታክል፣ ኃይል የምታረጋጋ ካፓሲተር ከቺፑ የኃይል እግር ሥር አስጠግታ በየደች። አሥራ ስድስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን ብቻ እንዲናገር አዘዘችው።

512። 513። 512።

«ተኛልኝ» አለች።

640።

የብስኩት ቆርቆሮ ደፋችበት፤ ቆርቆሮውን ከምድር ሽቦው ጋር አሰረችው። ቁጥሩ ተኛ። አነሣችው። ዘለለ። እንግዲህ በሽቦ አይደለም፣ በአየር ነው የሚመጣው።

መልእክት የሚልክ ስልክ።

ሳጥኑን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። 530። ወደ ጋሼ አንለይ ተጠጋች።

900።

«ከኮትዎ ሥር ምን አለ፣ ጋሼ?»

ለመሳቅ ሞከረ። «አንቺም እኮ ደክሞሻል፣ ልጄ። ነፋስ ነው በያቸውና ሁለታችንም እንረፍ።»

እጁ ወደ ወገቡ ወረደ።

ሳጥኑን ሊወስድ በሩ ላይ የደረሰው ኢዘዲን ከኋላ ተጠመጠመበት። ሽጉጡ ወለሉ ላይ ወደቀ። ስልኩም።

«ድልድዩ ጋ አድፍጠዋል» ይላል ለአይሱዙዎቹ ሰዎች የላከው። መልስ ገብቷል፦ «ምን ይሻላል?»

ዘቢደር በእሱ ስልክ ጻፈች፦ «ተነሥተው ሄዱ። ኑ።»

«አንተ ብረር» አለችው ኢዘዲንን፣ እስረኛውን አስረው ሲጨርሱ። «በአንድ ምስማር እንዳታስር!»

«ገባኝ፣ ወላሂ!» ሞተሩን አስነሣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። በዚህኛው እውነቱን ነበር። ሁለቱም አይሱዙ ተያዙ።

ጋሼ አንለይን ሊወስዱት ሲመጡ በሩ ላይ ቆመ። «ስትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»



በማግስቱ ከአሶሳ የሚያስወጣት ሚኒባስ በሱቁ ደጅ ሲያልፍ አንዲት አሮጊት የተዘጋውን በር ትደበድባለች። «ሬዲዮዬን! ኧረ ሬዲዮዬን!»

ሬዲዮው ተጠግኖ መደርደሪያው ላይ ነበር። ቁልፉን ግን ለላኳት ሰዎች አስረክባለች። ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች።