ነጭ በነጭ ላይ

«ይሄ መሬት ሰው ይበላል» አሉ ከዕድሩ እናቶች አንዷ እትዬ ባየሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለአምስተኛ ጊዜ። «ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ዛሬ በላ።»

የተበላው የአፈር መርማሪው ያደታ ነው። እሑድ ጠዋት፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በተባለችው የባሕር ማዶ ከተማ በሚሠራው የዕድር አዳራሽ የመሠረት ጉድጓድ ውስጥ፣ የተቀደደ የኖራ ጆንያ ላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ኖራውን ከጭቃው ጋር የሚለውሰው የማሽን ነጂ ነገሪ፣ እጁ በካቴና ታስሮ የፖሊስ መኪና አጠገብ ቆሟል።

«አሥር ደቂቃ ስጡኝ» አለች ሙፈሪያት፣ የኢንሹራንሱ መርማሪ፤ መልስም አልጠበቀች። «ነገሪ፣ ጆንያውን ጉድጓዱ ውስጥ መቼ አስቀመጥከው?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ዛሬ ልለውሰው ነበር። ጭቃው ኖራ ካልጠጣ ማበጡን አይተውም። ያደታ ግን ኖራው አንሷል፣ ሥራውን አስቆማለሁ ሲል ነበር።»

«ለማን ሲል?»

ነገሪ ኮንትራክተሩን ሐብተማርያምን አይቶ አቀረቀረ።

ሐብተማርያም ነጠላውን እንዳጣፋ ነው። «እኔ ከዓርብ ወዲህ ጉድጓዱን አልረገጥኩም። ከቤቴ ከዉድበሪ ወደ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ እዚህ አጥር ሥር፣ ከእትዬ ባየሽ ጋር። ለመሆኑ አንቺ ስለ አፈር የት ተማርሽ?»

«ላይብረሪ፣ ጋሼ። ነፃ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል።»

ጫማውን አየች። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል ያብረቀርቃል።

ሁሉንም አጥሩ ሥር ሰበሰበችና ከያደታ ቦርሳ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «ያደታ ኖራው የት ድረስ እንደገባ የሚያይባት ጠብታ ናት። ኖራ ስትነካ ሮዝ ትሆናለች።»

«ነጠላዬን እንዳታበላሺ» አሉ እትዬ ባየሽ። ጠብ አደረገችበት። ምንም የለም።

የሐብተማርያም ነጠላ ጫፍ ላይ ጠብ አደረገች። ነጩ ጥጥ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ።

«ነፋስ ነዋ» አለ ሐብተማርያም።

«ነፋሱ እትዬ ባየሽን ዘሎ እርስዎን መረጠ? ጆንያው ጉድጓዱ የገባው ትናንት ነው፤ ከቅዳሴ በኋላም አጥሩን አላለፉም፤ ስለዚህ ከቅዳሴ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ወርደዋል። ያደታን ገፉት፤ ይተነፍስ እንደሆነ ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ነጠላው ጆንያው ላይ ተጎተተ። ጭቃ ይታያልና ጫማዎን አጠቡ። ነጭ በነጭ ላይ ግን አይታይም።»

ሐብተማርያም የነጠላውን ጫፍ በጡጫው ጨበጠ። «ሥራውን ቢያስቆም የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኝ ነበር። አንዴ ነው የገፋሁት።»

ካቴናው ከነገሪ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት በያደታ ስልክ ላይ ከላቦራቶሪው መልእክት ገባ፦ «የላክኸው የአፈር ናሙና አሁን ባለው የኖራ መጠን ማበጡን አቁሟል። ኖራው ይበቃል፤ ሥራው ይቀጥል።»