አያትየው ያዳነው ድንጋይ

የአሸዋው ማዕበል አልፎ ዓይኗን ስትገልጥ ውኃ የጫነችው ግመል የለችም። ዶክተር ኢንሻራህ ጉብታው ላይ ሮጣ ወጥታ ብትቃኝ፣ እስከ ቀይ ባሕር ተራሮች ድረስ የሚንቀሳቀስ ነገር አጣች።

«ትመለስ ይሆን?»

«እሷም እንዳንቺ ግትር ናት፤ ከሄደች ሄደች» አላት ሼህ ከራር አሸዋውን ከጢሙ እያራገፈ። መሪዋ የሆነው ይህ ሽማግሌ የዚያው በረሃ ልጅ፣ የዐባብዳ ጎሳ ሰው ነው። «እንመለስ ልጄ።»

«ድንጋዩን ሳላይ? ሞቼ እገኛለሁ!»

ድንጋዩ ሁለመናዋ ነበር። ሺዕራ የሚሉት ደማቅ ኮከብ ከፀሐይ ጀርባ ተሰውሮ ከርሞ፣ ጎህ ሲቀድ ብቅ ያለበትን ቀን የጥንት ሰዎች ከንጉሣቸው ዘመን ጋር ቀርጸውበታል። የእነርሱ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ከኮከቡ አንድ ቀን ስለሚያፈነግጥ፣ ቀኑ ከታወቀ ዘመኑ በስሌት ይገኛል። ችግሩ ኮከቡ ደቡብ ላይ ቀድሞ፣ ሰሜን ላይ ዘግይቶ መታየቱ ነው፤ የታየበት ቦታ፣ ማለትም ድንጋዩ የተቀረጸበት ተራራ፣ ካልታወቀ ስሌቱ ሃያ ዓመት ሊስት ይችላል። ኢንሻራህ ኮከቡ የታየው ደቡብ ነው፣ ንጉሡም ከሚባለው ዘመን ዘግይቶ ነገሠ ብላ ስትከራከር ፀጉሯ ሸብቷል። ባልደረቦቿ ማስረጃሽ የታል እያሉ ሲስቁባት ኖረዋል። ከራር ግን «ድንጋዩ የት እንዳለ አውቃለሁ» ብሏታል።

በማግስቱ እፉኝት ሁለተኛዋን ግመል እግሯ ላይ ነደፋት። ከራር አንገቷን አቅፎ እያባበለ አረዳት፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ኢንሻራህ ግን «እንሂድ» አለችው።

ምላሳቸው ደርቆ በመንገዳቸው ካለው የውኃ ጉድጓድ ሲደርሱ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ወርቅ ቆፋሪዎች ከበውታል።

«ውኃው የአላህ ነው!» ጮኸ ከራር።

«ገመዱና ባልዲው ግን የኛ ነው!» ሳቁበት። «ሴትዮዋ እዚያ ሳጥን ውስጥ ምን ይዛለች?»

የኮከብ መለኪያዋ ነበር። መለኪያውን በውኃው ዋጋ ወስደው ባዶውን ሳጥን መለሱላት። ሁለቱም ጠጡ።

በመጨረሻ ከራር እሷ እንደጠበቀችው ወደ ተራራ ገደል ሳይሆን ወደ አንድ ወሊ፣ ሰው ሁሉ ወደሚያከብረው ቅዱስ፣ መቃብር ቤት ወሰዳት።

«የታል ድንጋዩ?»

«ግቢ።»

ውስጥ መንገደኞች በአደራ የተዉት ኮርቻ፣ ድስትና ምንጣፍ ተደርድሯል። በዚያ በረሃ ወሊ ዘንድ የተቀመጠ ዕቃ ሌባም አይነካውም። ድንጋዩ ከኮርቻዎቹ መሃል ቆሟል። ኮከቡ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ የንጉሡ ስም፣ ምንም የጎደለ የለም።

«ማን… ማን ነው እዚህ ያመጣው?»

«አያቴ ነዋ! ቆፋሪ እንዳይሰባብረው በግመል ጭኖ።»

«ከየትኛው ተራራ?»

«እኔ እንጃ። ሰሜንም ደቡብም ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ደግሞ ወሊ ዘንድ አደራ ያስቀመጠ ከየት አመጣህ አይባልም።»

ድንጋዩ ሥር ተቀምጣ ተስፋዋ ሁሉ ሲያልቅ ታወቃት። የተቀረጸበት ቦታ ካልታወቀ ይህ ድንጋይ ለእሷም ለተከራካሪዎቿም እኩል ይመሰክራል፤ ሌላ ማስረጃ ደግሞ የላትም።

«ምነው ልጄ?» አለ ከራር ስጋት ገብቶት። «እኛ እኮ ጠብቀን ያቆየንልሽ መስሎን…»

መንገዱን ሲጀምሩ ቢሆን ትጮህበት ነበር። አሁን ግን የግመሏን አንገት አቅፎ ሲያባብል ታያት።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ሼህ ከራር» አለችው። «ስፈልገው የኖርኩት ይሄንኑ ነው።»

ሽማግሌው ፊቱ በራ። እሷም ባዶውን የመለኪያ ሳጥን ከድንጋዩ አጠገብ አስቀመጠችው። እዚያ ማንም አይነካውም።