ከስልሳ ኪሎ በታች

ሽቦ የሚሉት ቦክሰኛ ቁጭ እንዳለ ነው የሞተው። በቦክስ ክለቡ የቦይለር ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ለጋለው በርሜል ሰጥቶ፣ ሁለት የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ በላዩ ሹራብ ደርቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተገኘ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ሊመዘን ነበር። ከስልሳ ኪሎ በታች ከሆነ ያልፋል፤ ካለፈ ደግሞ ማንም አይችለውም ይባልለት ነበር።

እህቱ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ ልብስ ሰፍታ። አላለቀሰችም። ሪንጉ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ አንድ ነገር ብቻ ታብሰለስል ጀመር። ትናንት ከሰዓት እዚህ መጥታ «በሞቴ» ብላ ምሳ አብልታው ነበር። ባይበላ ኪሎው ባልጨመረ፣ ባይጨምር እዚያ ምድጃ ውስጥ ባልገባ። በገዛ እጇ ቀበረችው ማለት ነው።

መርማሪዋ ወፈር ያለች፣ ሦስት ደረጃ ወጥታ የምታለከልክ ሴት ናት። «ስፖርት ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያስታውቅብኛል መቼም» አለች። ማንም አልሳቀም። እሷም እንዲሳቅላት የፈለገች አትመስልም፤ ዓይኗ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የሰዉን እጅ እየለቀመ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች እህቱ፣ ገና ሳትጠየቅ።

«በምን?»

«በምሳ።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «ቀስ ብለሽ አስረጂኝ፣ እህቴ።»

«ጋሼ፣ አሰልጣኙ፣ ምንም እንዳይቀምስ ብለውኝ ነበር። አንጀቴ አልቻለም። በሞቴ አልኩት። የኔን ሞት አይችልም፣ በላልኝ። ከዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ስልሳ አንድ ተኩል አለ። ፊቱ አመድ ሆነ።»

«ሰሞኑን ከስቶ ነበር?»

«ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጠበብኩለት። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ‹ሥጋው ሄዶ ኪሎው ቀረ› እያልን እንስቅ ነበር።» የሳቁት ትዝ ሲላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

መርማሪዋ ከዚያው ሳትርቅ ሌሎቹን ተራ በተራ ጠራች። እህቱም ከአግዳሚው አልተነሳችም፤ ሁሉንም ሰማች።

የክለቡ ነርስ ቀድማ መጣች። «የሚያድግ ልጅ ነው» አለች፤ ‹ነበር› ማለት አልሆነላትም። «ባንድ ዓመት ቁመቱ አራት ጣት ጨምሯል። አጥንት ሲረዝም ክብደት አብሮ ይመጣል፤ ይሄ በልመና አይቀርም። አንድ ምድብ ከፍ ብሎ ይጫወት ብዬ ነበር።»

«ለማን?»

«ለአሰልጣኙ። ‹አንቺ መርፌሽን ውጊ› አሉኝ። እኔም ሥራዬን እንዳላጣ ዝም አልኩ።»

ቀጥሎ መዶሻ የሚሉት ቦክሰኛ ቀረበ። ቦይለሩን ሊያጠፋ ገብቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። በዚያው ምድብ ይጫወታል፤ ሽቦ ከወደቀ ተተኪው እሱ ነበር። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም አተኩሮ ያየው ነበር።

«አንተስ ስንት ኪሎ ነህ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል።»

«እዚህ ተመዝነህ?»

ልጁ ጆሮውን አሻሸ። «የለም። አባቴ የሚሠራበት መጋዘን የጆንያ ሚዛን አለ፣ እዚያ ነው።»

«ሚዛን ደጃፍህ እያለ ጆንያ ጋ ምን ወሰደህ?»

«የዚህኛው በዛብኝ» አለና አንገቱን ደፋ። እህቱ ተነስታ ልታንቀው ምንም አልቀራት።

አሰልጣኙ መጨረሻ ላይ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ክለቡ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ዓምና አንድ ቦክሰኛቸው በሁለት መቶ ግራም በልጦ ከሚዛን ተመልሶባቸዋል። «አገር ሳቀብኝ» አሉ፣ ዛሬም እንዳንገበገባቸው። «ሽቦን መጨረሻ ያየሁት አመሻሽ ላይ ነው፣ ገመድ ሲዘል። ‹በቃህ፣ ደርሰሃል፣ ሂድ ተኛ› አልኩት። ይሄዳል ብዬ ነው የሄድኩት። ተመልሶ ቦይለር ክፍል እንደሚገባ በምን አውቄ?»

«ያኔ ስንት ነበር?»

«ስልሳ አንድ ግድም።»

«እሺ» አለች መርማሪዋ።

ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ሚዛኑ ላይ ወጣች። ክብ ፊት ያለው ባለ ቀስት የእግር ሚዛን ነው፤ ከሪንጉ ጥግ ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። «ይሄስ ጭራሽ አወፈረኝ» አለች። ሁሉም ቀልድ መሰላቸው። እሷ ግን ወርዳ በሩ አጠገብ ያለውን ሲሚንቶ አጎንብሳ አየች። ቀለሙ ከሌላው የነጣ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ቦታ ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። እህቱ ጥቁር ለብሳ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ስለነበር ዓይኗ አብጧል።

«ሽቦን የገደለው ሙቀትና የውሃ ጥም ነው» አለች መርማሪዋ። «ማንም አልነካውም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ ሬሳውን መዘነው፤ ሃምሳ ስድስት ኪሎ። ስልሳ የተባለ ልጅ ሃምሳ ስድስት እስኪሆን እዚያ ምን ያደርጋል? መዶሻ፣ ውጣ እስቲ።»

መዶሻ ምንጣፉ ላይ ባለው ሚዛን ወጣ። ቀስቱ ስልሳ ሦስት ላይ ቆመ። መርማሪዋ ሚዛኑን በእግሯ እየገፋች በሩ አጠገብ፣ የነጣው ሲሚንቶ ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ። «አሁንስ?»

ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል።

«ባዶውን ሲያዩት ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። ሰው ሲወጣበት ግን ለስላሳው ነገር ላይ ይሰምጥና ያበዛል። ሚዛኑ ድሮ እዚህ ነበር። አንድ ሰው አንስቶ ስፖንጁ ላይ አስቀመጠው።»

ሁሉም ወደ መዶሻ ዞረ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። «አልነካሁትም። እንደሚዋሽ አውቄ ዝም አልኩ እንጂ። ይውደቅና ልግባ አልኩ፤ ይሙት አላልኩም።»

«አምንሃለሁ» አለች መርማሪዋ። «ያንን ይዘህ ትኖራለህ፣ ግን ያዛወርከው አንተ አይደለህም። ስልሳ የሚጠይቅ ውድድር አለ። ሚዛኑ ስልሳ አንድ ይላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ‹ደርሰሃል፣ ሂድ ተኛ› የሚለው ማን ነው? ሚዛኑ እንደሚዋሽ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። መዶሻ እንዲህ አላለውም። እርስዎ ነዎት ያሉት፣ ጋሼ።»

አሰልጣኙ የሪንጉን ገመድ ጨበጡ። ለመካድ አልሞከሩም። «እንዳይረፍድበት ሰዓቱን ወደፊት ገፍቶ እንደሚሞላ ሰው ነው ያደረግኩት» አሉ። «እዚህ ከከበዱ እዚያ ይቀላሉ ብዬ። ዓምና ተዋርጄ...»

«ለምን አልነገሩትም?»

«ለእሱ ብነግረው ለሁሉም ያወራል፣ ይዘናጋሉ። ቃሌን ያምናል ብዬ ነው።»

«‹ሰው ይዋሻል፣ ሚዛን አይዋሽም› እያሉ ያሳደጉት እርስዎ አይደሉም? እንደነገሩት አደረገ። ይሄ ቀስት ከስልሳ በታች እንዲልለት ሃምሳ ስድስት መግባት ነበረበት። ገባ፤ መነሳት ግን አልቻለም።»

አሰልጣኙ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «እጄን ያዙኝ» አሉ በሩ ላይ ለቆሙት ፖሊሶች። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መርማሪዋ ወደ እህቱ መጥታ እጇን ያዘች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምሳውን ሲበላ እውነተኛ ክብደቱ ሃምሳ ስምንት ነበር። ያንቺ ምሳ አልገደለውም። እንኳን አበላሽው።»

ሁሉም እህቱ ስታለቅስ፣ ስትተነፍስ ለማየት ጠበቀ። እሷ ግን መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት።

«ውሃስ?» አለች።

«የምን ውሃ?»

«ልሄድ ስል ‹እህትዬ፣ ጉንጭ ብቻ፣ አፌ ተጣበቀ› አለኝ። አንድ ሊትር ሙሉ በእጄ ነበር። ምሳውን ማብላቴ አንሶ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቢጠጣው ያልፍ ነበር?»

መርማሪዋ የእህቱን እጅ አልለቀቀችም። ለመዋሸት አፏን ከፍታ ነበር፤ አልሆነላትም።

«ሁሉንም ቢጠጣው ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ያልፍ ነበር።»

«እኔ ደግሞ» አለች እህቱ፣ «በምሳው ነበር የምጸጸተው።»