አራቱ የዝምታ ቀናት

ከሕዝቅያስ ጋር የተዋወቅነው መንጋጋ ጥርሴን የነቀለልኝ ቀን ነው። መሃል ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነበር። ጠንከር ያለ ማስታገሻ ሲጽፍልኝ ወረቀቱን ጥዬ፣ ጥጥ እንደነከስኩ ወጣሁ። እስከ በሩ ተከተለኝ።

«ሕመሙ አያስተኛሽም እኮ» አለኝ።

ዞር ሳልል መንገዴን ቀጠልኩ። እሱን የሸሸሁት መስሎት ተከፍቶ እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

የሸሸሁት ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ማስታገሻ፣ ትራማዶልን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ እግሬ ተሰበረ። ለሕመሙ የታዘዘልኝን ክኒን፣ እግሬ ከዳነ በኋላም መተው አቃተኝ። ትምህርቴን አቋረጥኩ። ከእናቴ ቦርሳ ሰረቅኩ። ታክሜ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ቢሞላኝም፣ ለሰፈሩ ሩሀማ መሆኔ ቀርቶ «ያቺ ሱሰኛ» ነበርኩ።

ቁስሉን ለማሳየት ስመለስ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ በከተማችን ሐይቅ ዳር የእግር ጉዞ... እንዲህ እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሞላን። ግን አልነገርኩትም። አብረን ስንሄድ የሚያውቀኝ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ አስቀይረዋለሁ። ሽማግሌ ልልክ ነው ሲለኝ ከደስታዬ ፍርሃቴ በለጠ።

በማግስቱ ስልኬን ማንሳት አቆመ። በአራተኛው ቀን፣ ዶርም አብራኝ ትኖር የነበረችው ቅድስት ደወለች። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስትሰማ፣ ቢያውቅ ይሻላል ብላ ክሊኒኩ ሄዳ ሁሉንም ነግራዋለች።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስወጣ እግሬ ድሮ ክኒን እገዛበት ወደነበረው ቦታ ወሰደኝ። ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ሻጩ አይቶኝ ፈገግ አለ። አንድ እርምጃ ተራመድኩ... ከዚያ ዞሬ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

ሕዝቅያስ ብቻውን ነበር።

«ክኒን ልገዛ ነበር» አልኩት። «አልገዛሁም። ግን ፈርቻለሁ። የምትተወኝ ከሆነ በአፍህ ንገረኝ።»

ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ቅድስት ስትነግረኝ የክሊኒኩን መድኃኒት ቆጠርኩ። እኔ ጋ ስትመጪ ወስደሽ ይሆናል ብዬ። አንድም አልጎደለም። ያልደወልኩልሽ አፍሬ ነው።»

አመመኝ። ግን ከጀርባዬ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ነበር የነገረኝ።

«ነገም ትቆጥር ይሆናል» አልኩት።

«ብቆጥር እነግርሻለሁ። አንቺም ስትፈሪ ንገሪኝ።»

ያን ቀን እስከ ቤቴ ሸኘኝ።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እናቱን ለብቻቸው ማነጋገር እንደምፈልግ ነገርኩት። እማማ ሮማን ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«ተመልሶ ቢመጣብሽስ ልጄ?»

«እሱን ነው የምፈራው እማማ። በየቀኑ እፈራለሁ።»

እጄን ያዙ።

«እንግዲያው ስትፈሪ ለኔም ደውዪልኝ» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ባለፈው ማክሰኞ ደወልኩላቸው። ሕዝቅያስ ሥራ ላይ ነበር። ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ ሳይለብሱ መጡ፤ ልጃቸው እስኪመጣ ድረስም ከአጠገቤ አልተነሱም።