ከጨጓራው ማዶ

ዘሚካኤል ጠላውን ጠጥቶ ከመደቡ ሳይነሣ ደም አስመለሰው። ያውም በቀትር፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ!

ታናሽ ወንድሙ አዛናው ሚስቲቱን አልጣሽን ያዘ። መርዝ ነው አለ። ጠላ የምትቀዳ ሴት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀድማ ትቀምሳለች፤ አልጣሽ ሳትቀምስ ሰጠችው። ጎረቤቱም መሰከረ፤ እሷም አልካደችም።

ፍኖተ ሰላም ጣቢያ፣ ኢንስፔክተር ያረጋል አፋጠጣት።

«ለምን አልቀመስሽም?»

«ነገ ልቆርብ ነበር። እህል ውሃ አልቀመስሁም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ባሌ ብቻ።»

ባሏ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ነፍሱን ስቷል። እሱ ከሞተ ምስክሯም አብሮ መሞቱ ነው። ያረጋል ጨነቀውና ወደ ሆስፒታሉ በረረ።

ከባሕር ዳር ለሥራ የመጣችው ሐኪም፣ ዶክተር ምሕረት፣ ካሜራ ያለበትን ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብታ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። ጉሮሮው ንጹሕ ነው። ጨጓራው ውስጥ ደም አለ፤ ቁስል ግን የለም። በር ላይ የቆመው አዛናው በሽታ ቢሆን ይታይ ነበር ብሎ ጮኸ። ያረጋልም ልቡ ወደ ክሱ አዘነበለ።

ምሕረት ግን የበሽተኛውን ሆድ ዳሰሰች። ጣፊያው አብጧል። ቱቦውን ከጨጓራው አሳልፋ ወደ ትንሹ አንጀት ገፋችው።

ጉድ! አንድ ያበጠ የደም ሥር እዚያ ተደብቆ ደም ይረጫል። ምሕረት በቱቦው ውስጥ መርፌ አሾልካ የሕክምና ሙጫ ወጋችበት። ሙጫው ረጋ። ደሙ ቆመ! ያረጋል ሳያስበው አጨበጨበ።

«ወንጀለኛው ማን ነው ታዲያ፣ ዶክተር?»

«ምርመራው ያረጋግጠዋል እንጂ ብልሃርዝያ ይመስለኛል። ከውሃ በቆዳ የሚገባ ትል ነው። በጉበቱ የሚያልፈውን የደም መንገድ ለዓመታት ሲዘጋ ኖረ፤ ጣፊያውን ያሳበጠውም ይኸው ነው፤ ደሙ ሌላ መውጫ ፈለገ። ያበጠ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈነዳው ጉሮሮ ላይ ነው። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው፣ ማንም የማያየው ቦታ ገባ።»

በማግስቱ ምርመራው ብልሃርዝያ መሆኑን አረጋገጠ። ዘሚካኤል ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው ሚስቱ ቆርባ እንደሆነ ነበር። ያረጋል ሰምቶ አፈረ፤ ራሱ ሄዶ የሐኪሟን ቃል ነግሯት ከእስር አወጣት።

አዛናው ሆስፒታሉ በር ላይ እግሯ ሥር ወደቀ። አልጣሽ ተናደደች፤ ግን ክንዱን ይዛ አነሣችው።

«ይልቅ ግባና ተመርመር። የመስኖው ውሃ ውስጥ አብራችሁ ስትሠሩ አይደል የኖራችሁት?»